መደገፊያ የሌለው አግዳሚ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ሌላ ሰው ሲናገር እኔ ስጽፍለት።
የዚያን ማክሰኞ ግን የተባለው ነገር
ከመዝገብ ተርፎ ነው ኪሴ ውስጥ የሚያድር።

አጀንዳ ቁጥር ሦስት፦ የመታሰቢያ ፓርክ፣ በወደቡ ዳርቻ፣
‘መልካም ሰዓት’ ለምትባል፣ ለሰጠመች ጀልባ፣ ለሰዎቿ ብቻ።
ስድስት መቶ ሺህ ዩሮ፤ እኩሌታው ከመንግሥት፣
ሩቡ ከአውሮፓ፣ በስንት ደጅ ጥናት፣
የቀረው ከኛው ነው፦ ከመኪና ማቆሚያ፣ ከቆሻሻ ክፍያ፣
ጎህ ሳይቀድ ከሚጮኸው ከሰርዲን ገበያ።

‘ለሞቱት ከመገንባት ላልሞቱት ጠግኑ፣ ማዕበል ማቆሚያው ፈርሷል’ አለ ቶርካቶ።
እውነቱን ነበረ፤ ጻፍኩለት፤ ታለፈ፤ ሄደ በሩን ዘግቶ።

ቤልሚሮ ተነሣ፣ የገንዘብ ኃላፊው፣
ድንጋዩን በሜትር፣ ሆሄውን በፍሬ እየተመነው፦
‘አንድ ሆሄ ተቀርፆ አሥራ ስምንት ዩሮ።
አሥር ሰው ነው የሞተው፣ በወደብ መዝገብ ላይ በስሙ ተቈጥሮ።’

‘አሥራ አንድ’ አለ ድምፅ ከኋላው ወንበር፣
እጅ እንኳ ሳያወጣ፣ ተራ ሳይጠብቅ፣ ‘አሥራ አንድ ነበር።’
ኢዳሊና ነበረች፣ የካፒቴኑ ሚስት፣
ባዶ ሣጥን ቀብራ ጥቁር የለበሰች፣ ድፍን ሰባት ዓመት።

‘ዋርቶኖ’ አለች። ‘ከጃቫ የመጣው፣ መረብ የሚጎትተው፣
የሚያፈሰውን ጣራዬን በጀልባ ቅጥራን የደፈነው።
ሾርባዬን በቃሪያ አቃጥሎ፣ እንባው እየወረደ የሚስቀው።’

‘መዝገብ ላይ የለም’ አሉ። ‘የቤተሰብ ስሙስ?’ ‘የለውም፤ አንድ ነው፤
እናቱ ያወጣችለት፤ ዋርቶኖ ብቻ ነው።’
‘ቅጹ ግን ሁለት ክፍት ቦታ አለው።’ ‘እንግዲያው አንዱን ክፍት ተዉለት።
እኔም ቤት አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ከአልጋው በግራ በኩል፤ ማንም አልሞላበት።
ከባሌ ስም ቀንሱ፦ አደሊኖ ዶ ካርሞ ቬሎዞ፤ ይበቃዋል እኩሌታው፤
በሕይወት ሳለም መርከበኛውን ከራሱ ሳህን ነበር የሚያካፍለው።’

‘አይሆንም’ አለ ቤልሚሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
‘የሟች ስም አይሸረፍም፤ ማን ይፈርማል እዚያ ላይ? ማንስ ያድራል ተኝቶ?’

ዝም ተባለ። ‘ዝምታ’ ብዬ ጻፍኩ፤ ኋላ ሰረዝኩት፤
ዝምታ በጀት የለውም፤ በቃለ ጉባኤም ቦታ አጣሁለት።

መብራት ሊያጠፋ የመጣው ጥበቃ በር ላይ ሲያዛጋ፣
ቤልሚሮ እስክሪብቶውን እያኘከ ወረደ ከዋጋ ወደ ዋጋ፤
‘አግዳሚ ወንበር፣ ስምንት፣ ከእንጨት መደገፊያ ጋር’ የሚለው ላይ ቆመ፣
‘አንዱ ያለ መደገፊያ ቢሆንስ?’ ብሎ ለወረቀቱ አጉረመረመ።
ሰባት ሆሄ ነው በኛ አጻጻፍ፦ መቶ ሃያ ስድስት፤ የእንጨቱም ዋጋ ያው።
እጅ ወጣ፤ ዘጠኝ ለሁለት። ድምፅ የለኝም እኔ፤
እጄ ግን ብዕሩን እንደያዘ ሽቅብ ወጣ፤ እንዴት እንደወጣ እንጃው።

ዜፈሪኖ ጠራቢው በመጋቢት ጀመረ፤
ማዕበል ሁለቴ ስሚንቶውን አጠበ፣ ሁለቴ ገንዘብ ተጨመረ።
የዋርቶኖ መነሻ ሆሄ እኛ በልጅነት ካጠናነው ገበታ የለችም ነበር፤
‘ማኑዌል’ የሚጻፍባትን፣ እንደዚያች ጀልባ ገልብጦ ቀረፃት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይናገር።

የምርቃቱ ዕለት ነፈሰ፤ የሚኒስትሩ ንግግር ከነወረቀቱ በረረ፤
ሰዉ ለንፋሱ አጨበጨበ፤ ጡሩምባ ተነፋ፤ ምሳም ነበረ።

ዛሬ ከስምንቱ ያ መደገፊያ የሌለው ነው የሚሞላው ቶሎ፤
ሲሻው ወደ ባሕሩ፣ ሲሻው ወደ ግንቡ ይቀመጣል ሰው፣ እግሩን አሻግሮ ዘሎ።
ልጆች ‘ዋርቶኖ ላይ እንገናኝ’ ይላሉ፣ ማን እንደሆነ ሳያውቁ፤
ሽማግሌዎች ‘ወገቤን ፈጀኸው፣ ዋርቶኖ’ ብለው ይነሣሉ እየሳቁ።

ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ፣
ኢዳሊና ፊቷን ወደ ውኃው፣ ቤልሚሮ ወደ ስሞቹ አዙሮ፣
ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው አየሁ፤ እሷ ዳቦ ትቆርሳለች፤
እሱ በጣቱ ይቈጥራል፣ ምናልባት ሆሄ፣ ምናልባት ዩሮ።

መዝገቡን አልያዝኩም ነበር። ብስክሌቴን እየገፋሁ አለፍኩ።